በሁለት ሩቅ ኤርፖርቶች መካከል ያለውን የበረራ ርቀትና የጉዞ ሰዓት እንዴት እናሰላለን?

የሁለት ኤርፖርቶችን ርቀት የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው ማወቅ የሚፈልገው ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን ሰዓቱን ነው፤ ስንት ሰዓት ተቀምጦ እንደሚጓዝ፣ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ፣ የሚቀበለው ሰው መቼ ከቤት መውጣት እንዳለበት። ርቀቱን ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ካልኩሌተር የያዘ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይደርስበታል። ስሕተቱ የሚጀምረው ያንን ርቀት ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍሎ የወጣውን ቁጥር የጉዞ ሰዓት አድርጎ ሲወስድ ነው። በሁለት ኤርፖርቶች መካከል ያለው ርቀት አንድ ነው፤ የበረራው ሰዓት ግን ሁለት ነው፣ የመሄጃውና የመመለሻው። በቲኬቱ ላይ የሚታዩት የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች ደግሞ የሁለት የተለያዩ ከተሞች ሰዓቶች ስለሆኑ እንዲሁ ሊቀናነሱ አይችሉም።

አሠራሩን ለማሳየት በቶኪዮው ሀኔዳ ኤርፖርትና በሎስ አንጀለስ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት መካከል ያለውን መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰላለሁ። ይህን መስመር የመረጥኩት አንባቢን ሊያሳስቱ የሚችሉ ነገሮች ሁሉ ስለተሰበሰቡበት ነው፤ ውቅያኖሱ ሰፊ ነው፣ በከፍታው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ብርቱ ነው፣ በመሐሉም የቀን መለወጫ መስመር ያልፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የትኛው ኤርፖርት እንደሆነ በትክክል መለየት ያስፈልጋል። የከተማ ስም ብቻውን አይበቃም። ቶኪዮ ሀኔዳና ናሪታ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ኤርፖርቶች ያሏት ሲሆን አንዱ ከሌላው በአሥራዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሲድኒ የሚባል ኤርፖርት በአውስትራሊያ እንዳለ ሁሉ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያም አለ፤ በስሙ ተታለው ወደማያስቡት አህጉር ትኬት የቆረጡ መንገደኞች ከአንድ ጊዜ በላይ በዜና ተዘግበዋል። ስለዚህ ከከተማው ስም ይልቅ በቲኬቱ ላይ በሚጻፈው ባለ ሦስት ፊደል መለያ መመራት ይሻላል፤ በዚያ መለያ የኤርፖርቱን ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ዲግሪ) እና ኬንትሮስ (ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ዲግሪ) ማግኘት ይቻላል።

ኬክሮሱና ኬንትሮሱ የሚጻፉበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በዲግሪና በደቂቃ፣ ሌላው በዲግሪና በአሥርዮሽ። ሀኔዳ 35 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ሰሜን ላይ ይገኛል። ይህ 35.33 አይደለም። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 33ን ለ60 አካፍለን 35.55 እንላለን። በዚህች ትንሽ ነገር የተሳሳተ ሰው ገና ሒሳቡን ሳይጀምር ኤርፖርቱን 24 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ያንቀሳቅሰዋል። የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች እንግዲህ እነዚህ ናቸው፦ ሀኔዳ 35.55 ሰሜን፣ 139.78 ምሥራቅ፤ ሎስ አንጀለስ 33.94 ሰሜን፣ 118.41 ምዕራብ። ደቡብና ምዕራብ በአሉታዊ ምልክት ይጻፋሉ፤ ስለዚህ የሎስ አንጀለስ ኬንትሮስ በሒሳቡ ውስጥ የሚገባው ከዜሮ በታች ሆኖ ነው።

ርቀቱን ማውጣት

ምድር ድቡልቡል ስለሆነች በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ ታላቁ ክብ የሚባለው መስመር ነው፤ ይኸውም ምድርን በመሐሏ ለሁለት እኩል ከሚከፍላት ክብ ላይ የተወሰደ ክፍል ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ ይህ መስመር እንደ ቀስት ጎብጦ ስለሚታይ ብዙ ሰው አውሮፕላኑ ያለ ምክንያት የሚዞር ይመስለዋል። ዝርግ ካርታ ከምድር ወገብ ርቀው ያሉ አካባቢዎችን እየለጠጠ ስለሚያሳይ ነው እንጂ የጎበጠው መንገድ አይደለም። ሉል ያለው ሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ ቢመለከት ክሩ በራሱ ወደ ሰሜን ሲያዘነብል ያየዋል፤ ከማናቸውም ማብራሪያ በላይ ይህ ክር ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

በካልኩሌተር ሲሠራ መጀመሪያ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን እናባዛለን። የ35.55 ሳይን 0.5814፣ የ33.94 ሳይን 0.5583 ስለሆነ ብዜታቸው 0.3246 ይሆናል። ቀጥሎ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን እናባዛለን፤ 0.8136 በ0.8296 ሲባዛ 0.6750 ይመጣል። ይህን ውጤት በኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን እንደገና እናባዛዋለን። ልዩነቱ 139.78 ሲደመር 118.41፣ ማለትም 258.19 ዲግሪ ነው፤ ይህ ከ180 ስለሚበልጥ በሌላው ወገን፣ በፓስፊክ በኩል፣ ከ360 ቀንሰን 101.81 ዲግሪ እንላለን። የ101.81 ኮሳይን ከዜሮ በታች 0.2047 ስለሆነ ብዜቱ ከዜሮ በታች 0.1382 ነው። ሁለቱን ክፍሎች ስንደምር 0.1865 ገደማ እናገኛለን፤ የዚህን የኮሳይን ግልባጭ (ማለትም ኮሳይኑ 0.1865 የሆነውን ዲግሪ) ስናወጣ 79.25 ዲግሪ ይሆናል። በምድር ገጽ ላይ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 79.25ን በ111.2 አባዝተን 8,813 ኪሎ ሜትር እናገኛለን።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ካልኩሌተሩ በዲግሪ እንጂ በራዲያን እንዳልተስተካከለ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በራዲያን ከሆነ የሚወጣው ቁጥር ምንም ትርጉም አይኖረውም። ሁለተኛ፣ ምድር ፍጹም ክብ ሳትሆን በዋልታዎቿ በኩል ትንሽ የተጨፈለቀች በመሆኗ በዚህ መንገድ የሚገኘው ርቀት ከትክክለኛው ከግማሽ በመቶ ባነሰ መጠን ይለያል። የተጨፈለቀውን ቅርጽ ከግምት የሚያስገቡ ፕሮግራሞች ለዚህ መስመር 8,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። ሃያ ኪሎ ሜትር ለማይሞላ ልዩነት የሚጨነቅ መንገደኛ አይኖርም፤ አውሮፕላኑ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ያልፈዋል።

ሁለቱ ከተሞች በተቀራራቢ ኬክሮስ ላይ ስላሉ በካርታ ላይ በማስመሪያ የሚያገናኛቸው ሰው ቀጥታ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መስመር ያገኛል። ያንን መስመር ተከትሎ የሚበር አውሮፕላን 9,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ታላቁን ክብ የሚከተለው ግን በመሐል እስከ 48 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ወጥቶ ይመለስና 490 ኪሎ ሜትር ያህል ያተርፋል፤ ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ በረራ ነው።

ስለ መለኪያዎች አንድ ነገር ልጨምር። ማይል ተብሎ የሚጻፈው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የየብሱ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ሲሆን አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ኖቲካል ማይል የአንድ ዲግሪ ኬክሮስ ስድሳኛ ክፍል ተብሎ የመጣ በመሆኑ 79.25ን በ60 ስናባዛ ያለ ምንም ተጨማሪ ሒሳብ 4,755 ኖቲካል ማይል እናገኛለን።

አውሮፕላኑ የሚከተለው መንገድ

የተገኘው ርቀት ዝቅተኛው ነው፤ እውነተኛው በረራ ሁልጊዜ ከዚህ ይረዝማል። አውሮፕላኑ ሲነሣ በመንደርደሪያው አቅጣጫ ወጥቶ መዞር፣ ሲያርፍም ተራውን ጠብቆ መግባት አለበት። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢቆም በተፈቀደለት ጊዜ ውስጥ ሊደርስበት የሚችል ተለዋጭ ኤርፖርት በመንገዱ አቅራቢያ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ጊዜ እንደ አውሮፕላኑና እንደ አየር መንገዱ ፈቃድ ከ60 ደቂቃ ተነሥቶ በአንዳንዶቹ ከ5 ሰዓት በላይ ይደርሳል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ይህ ደንብ ብዙም አያስቸግርም፤ በደቡብ ግን፣ ለምሳሌ ከሲድኒ ወደ ሳንቲያጎ ወይም ወደ ጆሃንስበርግ በሚሄደው መስመር፣ መንገዱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

ከሁሉ በላይ ርቀትን የሚያራዝመው ግን የተዘጋ የአየር ክልል ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 በኋላ ብዙ የአውሮፓ አየር መንገዶች በሩሲያ ላይ መብረር በማቆማቸው ከሄልሲንኪ ወደ ቶኪዮ ቀድሞ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ገደማ አድጓል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት አንዲት ሜትር አልጨመረም። በመሆኑም አሮጌ ሠንጠረዥ ላይ የተገኘን የበረራ ሰዓት ማመን አይገባም፤ መስመሩ በማን ግዛት ላይ እንደሚያልፍ በካርታ መመልከት የሒሳቡ አንድ ክፍል ነው።

ከርቀት ወደ ሰዓት

ለረጅም መስመር የሚሠሩ ዘመናዊ ትልልቅ አውሮፕላኖች፣ እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉት፣ ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ፤ አነስተኞቹ፣ እንደ ቦይንግ 737 እና ኤርባስ ኤ320 ያሉት፣ ከ830 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቁም። ይህ ፍጥነት ግን ከአየሩ አንጻር የሚለካ ነው። አየሩ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት በዚያው ልክ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

በመካከለኛ ኬክሮሶች፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጀት ስትሪም የሚባል ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ይህን ነፋስ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ በተደጋጋሚ የለካው ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦኢሺ ነበር፤ ውጤቱን በኤስፔራንቶ ቋንቋ በማሳተሙ ከሀገሩ ውጭ ሥራውን ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነበር። ነፋሱ በሰሜን ንፍቀ ክበብ የብርድ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ፣ ይበረታል፤ በመሐሉ ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 አንድ ቦይንግ 747 ይህንኑ ነፋስ ከኋላው አድርጎ ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል፤ በዚያ መስመር የተለመደው ከ6 ሰዓት በላይ ነው።

አውሮፕላኑ በነፋሱ መሐል ሙሉውን መንገድ ስለማይጓዝ ለግምት የሚያገለግለው የመንገዱ አማካይ ነፋስ ነው። ለፓስፊክ መስመራችን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እንውሰድ። ወደ ምሥራቅ ሲሄድ 900 ሲደመር 80፣ 980 ይሆናል፤ 8,813ን ለ980 ስናካፍል 9 ሰዓት እናገኛለን። ሲመለስ 900 ሲቀነስ 80፣ 820 ነው፤ 8,813 ለ820 ሲካፈል 10 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ነፋስ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ጉዞ 9 ሰዓት ከ47 ደቂቃ በወሰደ ነበር። በነገራችን ላይ በመሄጃው የተገኘው ትርፍ በመመለሻው የደረሰውን ኪሳራ አይሸፍነውም፤ ደርሶ መልሱ በነፋስ 19 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል፣ ያለ ነፋስ 19 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ነው። አውሮፕላኑ በሚቃወመው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሆነ ልዩነቱ ሁልጊዜ በዚሁ አቅጣጫ ነው።

በዚህ ላይ ከፍታ ለመያዝና ለመውረድ፣ እንዲሁም ለመዞሪያው ግማሽ ሰዓት ያህል እንጨምራለን። በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ መንኮራኩሩ መሬት ከለቀቀበት ሳይሆን አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያው በር ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። መሬት ላይ ለሚጓዝበትና ተራ ለሚጠብቅበት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ሲታከል ወደ ሎስ አንጀለስ 10 ሰዓት፣ ወደ ቶኪዮ 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። አየር መንገዶች ለዚህ መስመር የሚያወጡት የጊዜ ሰሌዳ ከዚህ ግምት ብዙም አይርቅም። ግምታችሁ ከሰሌዳው ከአንድ ሰዓት በላይ ከራቀ የነፋሱን አቅጣጫ ገልብጣችኋል ወይም መስመሩ የተዘጋ ክልል እየዞረ ነው ማለት ነው።

ከሰሜን ወደ ደቡብ ወይም በተቃራኒው በሚሄዱ መስመሮች ላይ ነፋሱ ከጎን ስለሚመጣ የመሄጃውና የመመለሻው ልዩነት ያንሳል፤ እዚያ ቀላሉ ማካፈል ከሞላ ጎደል ይሠራል።

መሐል ላይ የሚያርፍ ጉዞ

ርቀቱ 15,000 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ቀጥታ በረራ ማግኘት ይከብዳል። ከሲንጋፖር ኒውዮርክ ያለው መስመር 15,300 ኪሎ ሜትር አልፎ በቀጥታ ይበረራል፤ ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከለንደን ሲድኒ ግን 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መንገደኛው ለረጅም ዓመታት ቢያንስ አንድ ጊዜ እያረፈ ነው የተጓዘው።

ማረፊያው የት ቢሆን እንደሚሻል በዓይን ግምት መወሰን ያሳስታል። ዝርግ ካርታ ላይ ሆኖሉሉ በቶኪዮና በሎስ አንጀለስ መሐል ተቀምጣ መንገድ ላይ ያለች ትመስላለች፤ ሲያትል ደግሞ ከመድረሻው አልፋ ወደ ሰሜን የራቀች ትመስላለች። ሲሰላ በሆኖሉሉ በኩል 10,300 ኪሎ ሜትር፣ በሲያትል በኩል 9,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ የምትመስለው 1,500 ኪሎ ሜትር ታስጨምራለች፤ የራቀች የምትመስለው 440 ብቻ።

ሆኖም የማረፊያ ዋጋ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ በመሬት ላይ ነው የሚከፈለው። በሲያትል በኩል የመጀመሪያው በረራ 8 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ በመሐል ለፓስፖርት ቁጥጥር፣ ሻንጣ ተቀብሎ እንደገና ለማስረከብና ለፍተሻ 3 ሰዓት ቢያዝ ጠቅላላው 14 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ከቀጥታው በረራ በ4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይበልጣል፤ የመንገዱ መርዘም ከዚህ ውስጥ የሚወስደው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የትራንዚት አማራጮችን ስታነጻጽሩ በመሐል የሚጠበቀውን ሰዓት ከርቀቱ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

ሰዓቱንና ቀኑን ማስተካከል

በመጨረሻ የመድረሻውን ሰዓት በአካባቢው አቆጣጠር ማውጣት ይቀራል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን የመነሻው ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት የመድረሻው ከተማ ነው። አስተማማኙ ዘዴ መጀመሪያ የበረራውን ርዝመት በመነሻው ሰዓት ላይ መደመር፣ ከዚያ በኋላ የሁለቱን ከተሞች የሰዓት ልዩነት መደመር ወይም መቀነስ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማድረግ የሚሞክር ሰው ይምታታበታል።

ቶኪዮ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ9 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሎስ አንጀለስ በጥር ወር በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ልዩነቱ 17 ሰዓት ነው። ሐሙስ 17:00 ከሀኔዳ የተነሣ አውሮፕላን ከ10 ሰዓት በኋላ ሲደርስ በቶኪዮ አቆጣጠር ዓርብ 03:00 ይሆናል። ከዚያ 17 ሰዓት ሲቀነስ ሐሙስ 10:00 ነው፤ መንገደኛው ከተነሣበት ሰዓት 7 ሰዓት ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው። በመመለሻው ሐሙስ 12:00 ከሎስ አንጀለስ ቢነሣ፣ 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ተደምሮ በዚያው ከተማ አቆጣጠር ሐሙስ 23:45 ይሆናል፤ 17 ሰዓት ሲጨመር ቶኪዮ ላይ ዓርብ 16:45 ነው።

ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ እንደዚህ አይቆይም። በአሜሪካ አብዛኛው ክፍል ሰዓት ከመጋቢት ሁለተኛ እሑድ እስከ ኅዳር የመጀመሪያ እሑድ፣ በፈረንጆቹ ወራት አቆጣጠር፣ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፤ ጃፓን ይህን አታደርግም፤ በመሆኑም በእነዚያ ወራት ልዩነቱ 16 ሰዓት ይሆናል። አውሮፓ የሚቀይርበት እሑድ ከአሜሪካው ይለያል፤ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚጓዝ ሰው ባለፈው ወር የያዘውን ልዩነት መጠቀም የለበትም። በተጨማሪም ልዩነት ሁልጊዜ ሙሉ ሰዓት አይደለም፤ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሕንድ በ5 ሰዓት ከ30፣ ኔፓል በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትቀድማለች።

እኔ ራሴ ይህን ሒሳብ ከምጽፍበት ጊዜ በፊት፣ የመጀመሪያውን የፓስፊክ ጉዞዬን ወደ ምዕራብ ሳደርግ፣ የበረራውን ሰዓት ከደቂቃ ጋር አሰልቼ ቀኑን ግን ረስቼ ነበር። ሐሙስ እኩለ ቀን ስለምነሣ ለሐሙስ ሌሊት ክፍል ያዝኩ፤ የደረስኩት ዓርብ ማምሻውን ነው። የሆቴሉ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ቁልፌን ከመስጠቱ በፊት የቀን መቁጠሪያውን በጣቱ እያሳየኝ፣ በትሕትና፣ ትናንት እየጠበቁኝ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በቲኬቱ ላይ ከመድረሻው ሰዓት ጎን በትንሹ የምትጻፈውን የመደመር ምልክትና የአንድ ቁጥር ሳላይ ምንም ነገር አልይዝም፤ ያች ምልክት መድረሻው በማግስቱ መሆኑን የምትናገር ናት፤ በሁለት ስትጻፍ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው።